ደረሰኝ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ብር የምቀይረው እኔ ነኝ በዚያ ወራት።
ሰልፉ ከበር ወጥቶ አስፋልቱን ተሻግሯል፣
ወፍጮ ቤቱን አልፎ ባጃጅ ተራ ደርሷል።
ቀኑ ሊያልቅ ነዋ! አሮጌው መቶ ብር
ከዚህ ሳምንት ወዲያ አይገዛም አንድ ክር።
ከጎተራ ወጣ፣ ወጣ ከማገር ሥር፣
ከቀፎ ውስጥ ወጣ ሰም የነከሰው ብር፣
ከበርበሬ ጆንያ የወጣው ግን ባሰ፤
መቁጠሪያ ማሽኑ ሦስት ጊዜ አነጠሰ።
ከወረፋው አንዱ «ይማርሽ» ሲል ሰማሁ፣
ለእኔ ይሁን ለማሽኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

አምና ባሕር ዳር ላይ ሥልጠና ሲሰጠን፣
አሠልጣኙ ስለ አንድ ሩቅ አገር ነገረን፤
ደቡብ አሜሪካ፣ ተራራ ላይ ያለ፣
ገንዘቡ እያደር ረክሶ እያደር የቀለለ፣
ሰዉ ኖት በቅርጫት ገበያ ተሸክሞ፣
ዳቦ በኪስ ይዞ የሚመለስ ደክሞ።
«ከዚያማ መንግሥቱ መቀስ አነሣና
ሦስት ዜሮ ቆረጠ፤ ገንዘብ ሆነ እንደገና።»
ሳቅን።
እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስበው አደርኩኝ፣
የተቆረጡት ዜሮዎች የት ሄዱ? እያልኩኝ።

አያ አንሙት መጣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
መስኮቴን ሸፈነው የባርኔጣው ጥላ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ቆጠርኩ፤ ቀየርኩለት፤
አዲሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየበት።
ሊሄድ ነው ስል ቆመ።
ከደረት ኪሱ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ጨርቅ፣
ከጨርቁም ወረቀት፣ ቢጫ፣ እንደ ቅጠል ደረቅ።
«ይኼንም ቀይሪልኝ፤ መንግሥት የጻፈው ነው።»
አነበብኩት፤ ጥር ሰባ ስምንት ነው የሚለው።
የእህል ገበያ ድርጅት፣ ማኅተሙ ወይን ጠጅ፣
ሦስት ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ ከአንሙት ዓለሙ እጅ፣
መቶ ሃያ ስድስት ብር፤ «ይከፈላል» ይላል።
ይከፈላል። መቼ? ቀኑን አይጥ በልቶታል።

«ኮታ ነበር» አለኝ፣ «ያኔ ጎረምሳ ነኝ፤
ጤፉ ደረሳቸው፤ ብሩ አልደረሰኝ።
ስሙን ደረሰኝ አሉት፤ ማንን ነው የደረሰው?
ሠላሳ አምስት ዓመት ደረሰኝ ይዤ ነው
ያልደረሰኝን ስጠብቅ የኖርኩት።»

«ድርጅቱ ፈርሷል፣ አያ፤ ማንም የለም ዛሬ።»
ጣራውን አየና፣ ወለሉን ከሥሬ፣
«መጋዘኑስ ይኸው! ቀለም ቀባችሁት፤
ጤፌን ያወረድኩት አንቺ ያለሽበት፣
ሚዛኑ እዚህ ነበር፣ ከወንበርሽ በታች፤
ምሰሶዋ ምስክር፣ ይኸው ቆማ አለች።
ቤት የወረሰ ሰው ዕዳም አብሮ ይወርሳል፤
መንግሥት ሲሆን ጊዜ ዕዳው የት ይደርሳል?»

ኮምፒውተሩን አየሁ፤ ለዚህ የለው ቁልፍ፤
ከኋላ ያጉረመርማል የደከመው ሰልፍ።
ያኔ ጊደር ነበር መቶ ሃያ ስድስቱ፤
ዛሬ የአንድ ቀን ምሳ ለባልና ሚስቱ።
ማንም ዜሮ አልቆረጠ፣ መቀስ አልተነሣ፣
ብር እንዳለች ጠፋች የአያ አንሙት እንስሳ።

«አልችልም» አልኩት።
ቃሌ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ እኔው ተመለሰ።
«እንግዲያው አንቺስ አትዋሺ» አለኝ፤
«እንዳልከፈልሽኝ ደረሰኝ ጻፊልኝ።»
መሳቢያውን ከፈትኩ።
የገቢ ቅጽ አለ። የወጪ አለ። የማስተላለፊያ አለ።
ያልተከፈለ የሚባል ቅጽ ግን የለም።
ወረቀቱን በጨርቁ፣ ጨርቁን በፌስታሉ፣
ፌስታሉን በደረቱ መልሶ ሸሸገና፣
«ስሜ አንሙት ነው» አለኝ፤ «ደግሞ እመጣለሁ።»

ማታ ሒሳብ ዘጋን። ልዩነት፣ ዜሮ።
ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ «ጎበዝ» አለኝ።
ማሽኑን በብሩሽ ጠረግሁ፤
ከጥርሶቹ መሃል ሁለት የበርበሬ ፍሬ ወደቀ፤
ከነሱም ጋር አንዲት ነጭ ጤፍ፣
ከማን ኖት እንደመጣች የማላውቃት።
በጣቴ ጫፍ ይዣት ቆምኩ።
ካዝናው ግን ተዘግቶ ነበር።